ኦሌታና የቨርጅል የመጨረሻ ፒክአፕ

ሦስት ቀን ሙሉ ሲወርድ የሰነበተው ዝናብ ያን ቅዳሜ ጠዋት አባራ። ጭጋጉ ግን ከሸለቆው አልወጣም፤ ከመኖ መሸጫው ፊት ለፊት ባለው የጠጠር ሜዳ ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን ተራራ ማየት አይቻልም ነበር። ውሃው በየጎማው ሥር አቁሯል። ኦሌታ ስታምፐር የሟች ባሏን የሸራ ኮት ለብሳ፣ የፍሪጅ ካርቶን አጣጥፋ በብብቷ ይዛ ከመኪናዋ ወረደች። በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ የማይጠፉት ሽማግሌዎች ስትመጣ ሲያዩ ወሬያቸውን አቋረጡ። ሌላ ቅዳሜ ቢሆን አንዱ ይተርባት ነበር። ያን ቀን ማንም አልተረበም። ሜዳው ላይ የቆመችው ፒክአፕ የቨርጅል ታኬት ናት፤ ኦሌታን የጠራትም ራሱ ቨርጅል ነው።

እስከዚያ ሳምንት ድረስ ቨርጅል በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ስሟን ጠርቶ አያውቅም ነበር። «ያቺ ሴትዮ» ነበር የሚላት። እሷም ድሮ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰው፣ ዴንቨር ከተቀበረ ወዲህ «አንተ» ነው የምትለው።

ዴንቨር ባሏ ነበር። ኦሌታ እናቷ ስትታመም ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ቀረች፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እሱን አገባች። እንጨት መሰንጠቂያ ነበር የሚሠራው። ብዙ አይናገርም፣ አይቸኩልም። አባቱን መጠጥ ስለገደለበት በሕይወቱ አንዲት ጠብታ ቀምሶ አያውቅም። ይህን ለእናቱ ለሞሲ ቃል ገብቶላት ነበር። አንድ ልማድ ነበረው፤ ከሥራ ሲመለስ ሰው በየመንገዱ ዳር የጣለውን ባዶ የቢራ ጣሳ እየለቀመ በከረጢት ያጠራቅማል፣ ከረጢቱ ሲሞላ ለብረታ ብረት ሰብሳቢዎች ይወስዳል። ኦሌታ በዚህ ትስቅበት ነበር። «ሰው የሰከረበትን አንተ ትሸከማለህ» ትለዋለች።

ዴንቨር ያረጀች ፒክአፕ ከቨርጅል ሲገዛ መኪናዋ ከፍ ብላ ቆማ ነበር። ለምን ከፍ እንዳለች ጠየቀው። ቨርጅል እጁን ፓራፋንጎው ላይ አሳርፎ፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፣ ከፍ ያስመሰላት ጎማዋ ነው፣ ትልቅ ጎማ አድርጌላታለሁ አለው። ዴንቨር አመነው፤ ጎንበስ ብሎ አላየም። በእነዚያ የዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መካከል፣ አብሮህ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው የሚሸጥልህ መኪና ሥር ገብተህ ማየት ሰውየውን ፊት ለፊት ዋሾ ነህ ማለት ነው። ሰው ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ከዚያ እጅ ይጨባበጣል። ቨርጅል ደግሞ እሁድ እሁድ ከእነሱ አንድ ወንበር ፊት ነበር የሚቀመጠው። ኦሌታ የማጅራቱን ጠባሳ ሳይቀር ታውቀዋለች።

በጥቅምት ወር ዴንቨር የማገዶ እንጨት ጭኖ ከተራራው ሲወርድ መጠምዘዣው ላይ የኋላው ዘንግ ጭነቱን ከሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ከባሌስትራው ሥር ተንሸራቶ ወጣ። መኪናዋ ገደል ገባች። ሰው እስኪደርስለት ድረስ ዴንቨር አልቆየም። ከረጢቱ ተቀዶ ጣሳው በየቦታው ተበትኗል። የደረሰው ፖሊስ ጣሳውን አየ፤ ወረቀቱ ላይ ፍጥነትና መጠጥ ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ደግሞ ቨርጅል በመኖ መሸጫው በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ምስኪን ዴንቨር፣ ሳይታወቅበት ይጠጣ ነበር ለካ፣ እያለ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። እሱ ካለ በኋላ ሌላውም አለ። እሁድ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ኦሌታን ሲያቅፏት የሚያዝኑላት ለሞቱ ሳይሆን ለሌላ ነገር እንደሆነ ገባት።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን የዴንቨርን የምሳ ሣጥን ለመውሰድ የተሰባበሩ መኪኖች ወደሚጣሉበት ግቢ ሄደች። እዚያ ኤስቴል የሚባል፣ የግራ እጁን ጣቶች ግማሽ መጋዝ የበላበት ሽማግሌ ይሠራ ነበር። ሣጥኑን ከሰጣት በኋላ አየት አድርጓት፣ ነይ ልጄ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ አላት። መኪናዋ በጎኗ ተጋድማ ስለነበር ሆዷ ፊት ለፊት ይታያል። ኦሌታ መኪና ከሥሩ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

በግራ በኩል በዘንጉና በባሌስትራው መካከል ሁለት ጉማጅ ብረት አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ ገብቷል። በቀኝ በኩል ምንም የለም፤ ተፈናጥሮ ወጥቷል። መኪናን ከፍ ለማድረግ አንድ ጉማጅ የሚያስገባ አለ አላት ኤስቴል፤ ሁለት የሚደርብ ግን ወይ አያውቅም፣ ወይ ግድ የለውም። ጉማጆቹን ያሰሩት ብሎኖች አዲስ ናቸው፣ ረጃጅም ናቸው፤ ሁሉም ላይ ግን ዕድሜያቸው እንዳይለይ ጥቁር ቀለም ተቀብቶባቸዋል። ቀለሙ ቨርጅል የሚሸጠውን ሁሉ የሚቀባው ያው ቀለም ነው።

ኦሌታ ወዲያው ሄዳ ለፖሊሱ ነገረችው፤ ሰኞ መጥቼ አያለሁ አላት። ሰኞ አብረው ሲመጡ መኪናዋ የለችም። ቅዳሜ ዕለት ቨርጅል ከግቢው ባለቤት ላይ ለቁርጥራጭ ገዝቷት፣ እዚያው መጨፍለቂያው ውስጥ ገብታ የሻንጣ ያህል ሆናለች። ፖሊሱ የሽማግሌ ቃል ብቻውን ምን ያደርግልኛል ብሎ ኮፍያውን አደረገ።

በዚያ ክረምት ሞሲ ታመመች። ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት የኦሌታን እጅ ይዛ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ ጠጥቶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ኦሌታ አልጠጣም አለቻት። ሞሲ ትንሽ አየቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አላመነቻትም። ኦሌታ ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቨርጅል ታኬት በዚያው በረንዳ ፊት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ያደረገውን በገዛ አፉ እንዲናገር። ፍርድ ቤትም ካሣም አላሰበችም። መኪናዋ ስለተጨፈለቀች የቀረው ማስረጃ የሰውየው አፍ ነው።

ኤስቴልን ለምና የመኪናው ግቢ ውስጥ ሥራ ገባች። መጀመሪያ መስኮትና የፊት መብራት ነበር የምትፈታው። ቀስ በቀስ ከሥር መግባት ተማረች። ኤስቴል አስተማሪ አይደለም፤ እየተሳደበ የሚያሳይ ሰው ነው። ከፍ የተደረገ መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም አላት። አንዳንዱ አካሉ ብቻ ነው ከሻንሲው፣ ከሥር ካለው የብረት አጽም ላይ የተነሳው፤ በጎማው በኩል አጮልቀሽ ስታይ በአካሉና በሻንሲው መካከል ብርሃን ካየሽ ያ ነው። ከሥር የተነሳው ግን ዘንጉ ከሻንሲው ይርቃል። የፍሬኑ የላስቲክ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ታገኚዋለሽ፣ የመሪው ክንድ ያለወጉ ወደ ታች ያዘነብላል። ሜትርሽን አውጪ፤ ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኪ፣ አራቱንም። ከሁሉ በላይ ዝገቱን እዪ። አብሮ የተወለደ ብረት አብሮ ነው የሚያረጀው። ከጎረቤቱ ያነሰ የዛገ ካየሽ እሱ እንግዳ ነው፣ ማን እንዳመጣው ጠይቂ። ቀለም የተቀባ ካየሽ ደግሞ ለምን እንደተቀባ ጠይቂ።

ኦሌታ ትምህርት ቤት እያለች እንዲህ በቶሎ የገባት ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጠጠሩ ሜዳ መውረድ ጀመረች። ቨርጅል ሦስት አራት ፒክአፕ ደርድሮ፣ መስተዋታቸው ላይ በነጭ የጫማ ቀለም ጽፎ ይጠብቃል። እሷ ምንም አትናገርም። ካርቶኗን ታነጥፋለች፣ በጀርባዋ ተኝታ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ኮቷን ታራግፋለች። ሊገዛ የመጣው ሰው ምን አየሽ ካላት ያየችውን ትነግረዋለች። ካልጠየቃት ቆማ ታየዋለች፤ ስለዚህ ሁሉም ይጠይቃታል። ሰው ነውር ነው ብሎ ሳያደርገው የኖረውን ነገር ሌላ ሰው ሲያደርግለት እንዴት እንደሚደሰት ያን ጊዜ አየች።

የአግዳሚው ሽማግሌዎች በመጀመሪያ ሳቁባት። ከመካከላቸው ሆበርት የሚባለው፣ ባል ስታጣ የመኪና ሆድ ታቅፋ ቀረች አለ፤ እሷም ሰማችው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ሆበርት ራሱ ለልጁ መኪና ሊገዛ ሲል ባርኔጣውን አውልቆ በሯ ላይ ቆመ።

ቨርጅል ሜዳውን ትቶ በሌላ አውራጃ መሸጥ ጀመረ፤ ተከትላው ሄደች። ቦታ ለወጠ፤ አገኘችው። አንድ ቀን፣ ምን አድርጌሽ ነው አላት። «ታውቀዋለህ፤ ጮክ ብለህ በለው» ብላ ከሥር ገባች። ፊቱ ሲቀላ ማየት ከምግብ ይልቅ ያጠግባት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሰባኪ ይቅርታ ስለማድረግ ሊነግራት ሲመጣ ሻይ ቀድታለት፣ ቨርጅል ይቅርታ ሲጠይቀኝ ያን ጊዜ ይምጡ ብላ ሸኘችው። ሌሎች ሴቶች ዓመቱን በልጆቻቸው ዕድሜ ይቆጥራሉ፤ እሷ የምትቆጥረው ቨርጅል ሜዳ ላይ በቀሩት መኪኖች ሆነ። አራት ነበሩ፣ ሦስት ሆኑ፣ ሁለት ሆኑ። ሚስቱ ሞተች፣ ሳንባው ታመመ። በመጨረሻ በሩ ላይ የቀረችው አንዲት ፒክአፕ ብቻ ሆነች።

እሷን ሊሸጣት አስቦ አያውቅም። የሰባ ስድስት ሞዴል ናት፤ አባቱ አዲሷን የገዛት፣ እዚያ አገር ሃይቦይ የሚሏት ዓይነት። ሃይቦይ ከፋብሪካዋ ስትወጣ ጀምሮ ከፍ ያለች ናት፤ ከኋላ ባሌስትራዋ ሥርም ፋብሪካው ራሱ ያስገባው ጉማጅ አላት። ይህን የማያውቅ ሰው ከሥር ያየና ጉማጁን ሲያገኝ፣ ተነስታለች፣ ሰው ከፍ አድርጓታል ብሎ ይምላል። በዚያ አውራጃ እንዲህ እየተባለ ስንት ደህና ሃይቦይ ስሟ ጠፍቷል።

ሐኪሞች ቨርጅልን የተራራውን ክረምት አትችለውም አሉት፤ ሌላ ግዛት ያለችው ልጁ ዘንድ ሊሄድ ሆነ። እዚያ መኪና ማቆሚያ የለም። ሎዌል ክረም የሚባል ሰውና ሚስቱ በርኒታ ከወንዙ ማዶ መጥተው ሃይቦይዋን ወደዷት። ግን ከቨርጅል ታኬት መኪና የሚገዛ ሰው ኦሌታን ሳይጠይቅ እንዳይገዛ ወንዙ ማዶ ሳይቀር ተወርቷል። እሷ አልተነሳችም ካለች እንገዛለን፣ ካላለች የለንበትም አሉት።

ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ቨርጅል መኪናው ግቢ ድረስ መጣ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቀ።

«ኦሌታ» አላት። «ሃይቦይዋን መሸጥ አለብኝ። እዚህ ከቀረች የእናንተ መጨፍለቂያ ውስጥ ነው የምትገባው። ሰዎቹ ያንቺን ቃል ነው የሚፈልጉት።»

«እና?»

«አልተነሳችም። አባቴ አዲሷን ነው የገዛት፤ አንቺም ታውቂያለሽ።»

«እኔ የማውቀው ገብቼ ያየሁትን ነው» አለችው። ቅዳሜ እመጣለሁ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ደስ ብሏት ነው። አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ተነስታለች ካለች አለቀለት። ጉማጁን ሁሉም ያያል፣ ማንም አይከራከራትም። ግን እንደዚያ ካለች ቨርጅል ወደ ልጁ ይሄዳል፣ አፉም አብሮት ይሄዳል። ዴንቨርም እንደ ሰካራም ተቀብሮ ይቀራል።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ ይህ ነበር። ሎዌልና በርኒታ ከመኪናዋ አጠገብ ቆመዋል፣ ቨርጅል የሞተሯ ክዳን ላይ ተደግፏል፣ ሆበርትና ጓደኞቹ በረንዳው ላይ ናቸው። ኦሌታ ካርቶኗን ውሃው ላይ አነጠፈች፣ ባትሪዋን አበራች፣ ገባች።

ጉማጁ ፋብሪካው ያስገባው ነው። አንድ ወጥ ሆኖ ተቀልጦ የወጣ፣ ከዘንጉና ከባሌስትራው ጋር አንድ ዓይነት የዛገ፤ ብሎኖቹም ያረጁ፣ ማንም ያልነካቸው። የፍሬኑ ቱቦ ልል ነው። የፊቱ ባሌስትራ የዛሬ ሠላሳ ዓመት እንደተቀመጠ ተቀምጧል። ቨርጅል በዚህኛው አልዋሸም። ልትወጣ ስትል በቀኝ በኩል፣ ባሌስትራው ሻንሲው ላይ የሚንጠለጠልበትን ቦታ በባትሪዋ አየችው። ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። እዚያ ቦታ ብቻ። ያው ቀለም። ጠፍጣፋ ካቻቢቴዋን ከኪሷ አውጥታ ጫን አደረገችው፤ በሰለ ድንች ውስጥ እንደሚገባ ዘልቆ ገባ። በረዶውን እንዲያቀልጥ በየክረምቱ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሻንሲውን ከውስጥ በልቶ ጨርሶታል።

ኦሌታ ባትሪዋን አጠፋች። ከዚያ ወጥታ ኮቷን አራገፈች።

«እሺ?» አለ ሎዌል።

እሷ ወደ ቨርጅል ዞረች። «ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ» አለችው። «አንድም አልጨምርም፣ አንድም አልቀንስም። መጀመሪያ ግን አንተ ትናገራለህ። ስለ ዴንቨር መኪና። እዚያ በረንዳ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።»

ቨርጅል ሎዌልን አየ፣ በረንዳውን አየ። ሰዎቹ እስኪሄዱ ሊጠብቅ ያሰበ ይመስል ነበር። እሷ ቀና ብላ ሰማዩን እያየች ጠበቀች፤ ለመጠበቅ ልምድ አላት።

«አውቅ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ጉማጆቹን የደረብኳቸው እኔ ነኝ። ቀለም የቀባኋቸውም እኔ ነኝ።»

«ጣሳዎቹስ?»

ሳለ፤ ረጅም ሳል ነበር። «ዴንቨር አይጠጣም። ጣሳ ይለቅም እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይጠጣ ነበር ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። መኪናዋንም ያስጨፈለቅኳት እኔ ነኝ።»

 ሆበርት ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። በርኒታ ባሏን እጁን ያዘችው፤ የሆነው ባይገባትም ትልቅ ነገር እንደሆነ ገብቷታል። ኦሌታ እንባ የሚመጣባት መስሏት ነበር። አልመጣም። ሞሲ ፊቷን ያዞረችበት ግድግዳ ብቻ፣ ከተለጠፈበት ባለ አበባ ወረቀት ጋር፣ ትዝ አላት።

«አልተነሳችም» አለች ለሎዌል። «ጉማጁ የፋብሪካ ነው፤ ብሎኖቹ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ማንም ተነስታለች ቢልዎት አይመኑት።» ቨርጅል ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ። ኦሌታ ካቻቢቴዋን ለሎዌል ዘረጋችለት። «አሁን ደግሞ ካርቶኔ ላይ ይተኙ። በቀኝ በኩል ከኋላው ጎማ ፊት ጥቁር ቀለም የተቀባ ቦታ አለ። ጫን ያድርጉት።»

ሎዌል ሚስቱን አየ፣ ከዚያ ተኝቶ ገባ። የዛገ ብረት ሲፈረፈር ሁሉም ሰማው። ሲወጣ ፊቱ ላይ ዝገት ነበር። ኦሌታን አመሰገናት፤ ሚስቱን ይዞ ሄደ።

ቨርጅል መኪናዋን ተደግፎ ቀረ። «ስለሱ ማንም አልጠየቀሽም» አላት።

«ዴንቨር ግን ጠይቆህ ነበር» አለችው። ካርቶኑ ርሶ ስለተቦጫጨቀ እዚያው ተወችው።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሁለት ሆነ። ግማሹ ሰው ኦሌታ ልክ ናት አለ። ግማሹ ግን ሰውየው ከተናዘዘ በኋላ ያን መጨመር አልነበረባትም፣ ጭካኔ ነው አለ፤ የሰባኪው ሚስት በቤተ ክርስቲያን ከአጠገቧ መቀመጥ ተወች። ኦሌታ አልተከራከረችም። ጭካኔ እንደሆነ ታውቃለች። ፖሊሱ የጻፈው ወረቀት አልተለወጠም፣ ለመለወጥም አልሞከረችም። ሰው ግን ዴንቨር ይጠጣ ነበር ማለት አቆመ። እሷ የሞሲ መቃብር ሄዳ የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ከዚያ ሣሩን ነቃቅላ ተመለሰች።

ቨርጅል በኅዳር ሄደ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እዚያው ሞተ። ሃይቦይዋ ተጎትታ ኦሌታ ግቢ መጣች። የሚፈታውን ሁሉ በገዛ እጇ ፈታች፣ የመጨፍለቂያውን ቁልፍ ራሷ ተጫነች፤ እስኪያልቅ ቆማ አየች። ከኋላ ያሉትን ሁለት ጉማጆች ግን አስቀረቻቸው።

ኦሌታ ዛሬ ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ኤስቴል ከሞተ በኋላ በግቢው መግቢያ ባለችው ተጎታች ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ ሁለቱ ጉማጆች በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው ሥሩ ተቀምጠዋል። ጀርባዋ ስለታመመ ከመኪና ሥር መግባት ትታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ሜዳው ላይ አትወርድም።